ምቀኛ አታሳጣኝ፦ የቶሮንቶ የባሌት ማስታወሻ

ቶሮንቶ ከመሄዴ በፊት ያነጋገርኳቸው ሰዎች ሁሉ የሲኤን ማማንና የኦንታሪዮ ሐይቅን ሳላይ እንዳልመለስ አደራ ብለውኝ ነበር። ሁለቱንም አየሁ፤ ሁለቱም ያምራሉ። ልቤን ጠቅልሎ የወሰደው ግን ኮሌጅ ጎዳና፣ ቁጥር 239 ላይ የሚገኘው የሊሊያን ስሚዝ ቤተ መጻሕፍት ነው። በሩን ከግራና ከቀኝ ሁለት ግዙፍ የነሐስ አውሬዎች ይጠብቁታል፤ አንዱ ክንፍ ያወጣ አንበሳ፣ ሌላው የንስር ራስ ያለው ግሪፈን። ልጆች ሲገቡ መዳፋቸውን ዳበስ አድርገው ያልፋሉ። አንድ ከተማ ለልጆቹ የሚሰጠውን ክብር ከደጃፍ ማወቅ እንደሚቻል የተረዳሁት እዚያ ነው።

ወደዚያ የመራችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ቶሮንቶ ተወልዳ ያደገች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ባሌት የምትማር፣ አማርኛዋን ከእናቷ አፍና ከአያቷ የስልክ ጨዋታ የለቀመች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። የመጽሐፍ መደርደሪያዋ ከዳር እስከ ዳር በባሌት ተማሪዎች ታሪክ ተሞልቷል፤ አንደኛ መጽሐፍ፣ ሁለተኛ መጽሐፍ፣ አሥረኛ መጽሐፍ እያለ የሚቀጥል ተከታታይ ልብ ወለድ። አንድ ማታ የያዘችውን አንብባ ጨረሰችና፣ «አክስቴ፣ ለምንድን ነው በየመጽሐፉ የሰው ጫማ የምትደብቅ ልጅ የማትጠፋው?» አለችኝ። የቶሮንቶ ቆይታዬ ከዚያች ማታ ጀምሮ የዚህ ጥያቄ ፍለጋ ሆነ። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከአንበሳው ጀርባ

ሊሊያን ስሚዝ በ1912 በቶሮንቶ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ስትጀምር፣ በመላው የእንግሊዝ ግዛት ለልጆች ቤተ መጻሕፍት ሙያ ተምራ የተመረቀች የመጀመሪያዋ ሰው ነበረች። በ1922 ለልጆች ብቻ የሚያገለግል ቤት አስከፈተች። በ1934 ኤድጋር ኦዝቦርን የሚባል እንግሊዛዊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ከተማዋን ሲጎበኝ ሥራዋን አይቶ ተደነቀ። ባለቤቱ ሜብል ካረፈች በኋላም ያከማቿቸውን ሁለት ሺህ ገደማ የጥንት የልጆች መጻሕፍት በ1949 ለመታሰቢያዋ ለቶሮንቶ ሰጠ። ዛሬ የኦዝቦርን ስብስብ የሚባለው ሀብት ከ80,000 በላይ ሆኗል፤ ከ14ኛው መቶ ዘመን የተረፈ የኤዞፕ ተረት ብራናም አለበት። የሚገኘው ስሚዝን ለመዘከር በ1995 በተከፈተው በዚህ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ያንን ፎቅ ሳይ የተሰማኝን ደስታ መደበቅ አልችልም። እኛ አገር የብራና ጽሑፍ የሚጠበቅበት ጥንቃቄ እዚህ ለልጆች ተረት ተሰጥቷል። አንድ ትውልድ በልጅነቱ ምን እንደሳቀና ምን እንደፈራ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ወንበር ስቦ ሊቀመጥበት የሚችል ቦታ ነው።

ተከታታይ ልብ ወለድ ግን እንደዚህ ባሉ ቤቶች ሁልጊዜ በክብር የተቀበሉት እንግዳ አልነበረም። በስሚዝ ዘመን የነበሩ ብዙ የሙያው ሰዎች በተመሳሳይ ቅርጽ ተደጋግሞ የሚታተም መጽሐፍ የልጅን ጣዕም ያበላሻል ብለው ይሰጉ ነበር። ስሚዝም ራሷ ለልጅ ከተጻፈው ሁሉ ምርጡ ብቻ ይገባዋል ብላ የታገለች ሴት ናት። ሥጋቱ መሠረት አለው፤ ነገር ግን አንዲት ልጅ ስለ ቅናት በመጀመሪያ የምታነበው የት ነው ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ እነዚህ የተናቁ ተከታታዮች ናቸው። እኔም ከእህቴ ልጅ ጋር እየተሻማሁ አነበብኳቸው።

ተንኮሉና ተንኮለኛዋ

የባሌት ልጆች ታሪክ ሁሉ እናት የኖኤል ስትሬትፊልድ «ባሌት ሹዝ» ናት፤ በ1936 እንግሊዝ አገር የታተመች። በጉዲፈቻ አብረው ያደጉት ፖሊን፣ ፔትሮቫና ፖዚ ለንደን ውስጥ በአንድ የዳንስና የመድረክ ትምህርት ቤት ይማራሉ። ፖሊን ከዊኒፍሬድ ጋር «አሊስ በአስደናቂው ምድር» ውስጥ የአሊስን ቦታ ለማግኘት ትወዳደራለች። ዊኒፍሬድ በችሎታ የማታንስ፣ እንዲያውም የምትበልጥ ልጅ ናት፤ የቤተሰቧ ችግር ግን ከልብሷ ላይ ይነበባል። ፖሊን አዲስ ቀሚስ ለብሳ ትቀርብና ቦታውን ታገኛለች፤ ዊኒፍሬድ ተጠባባቂ ትሆናለች። ስትሬትፊልድ እዚህ ላይ ያሳየችን ነገር ያስደነግጣል። ማንም ተንኮል አልሠራም፤ ሆኖም ገንዘቡን አጥብቃ የምትፈልገው ልጅ ተሸነፈች። ቆየት ብሎ ዝናው ፖሊንን ያኮራታል፤ የቲያትሩን ደንብ ስትንቅ ለአንድ ትርኢት ትታገዳለች፤ ዊኒፍሬድም በቦታዋ መድረክ ትወጣለች። አሸናፊዋ ያለ እርሷም መጋረጃው እንደሚገለጥ ያኔ ይገባታል።

ከጦርነቱ በኋላ ተከታታዮቹ በዙ። ሎርና ሂል የተባለች የቄስ ሚስት፣ ልጇ ለንደን ሳድለርስ ዌልስ ባሌት ትምህርት ቤት ገብታባት ናፍቆቱ ሲበረታባት፣ በ1950 «የሳድለርስ ዌልስ ሕልም»ን ጻፈች፤ እስከ 1964 ድረስ አሥራ አራት መጻሕፍት ሆነ። ወላጆቿን ያጣችው ቬሮኒካ ከለንደን ወደ ሰሜን እንግሊዝ ገጠር ተወስዳ ከዘመዶቿ ጋር ስትኖር፣ የአክስቷ ልጅ ፊዮና በቅናት ታንገበግባታለች። በ1957 ደግሞ ማቤል ኤስተር አለን ዣን ኤስቶሪል በሚል የብዕር ስም «ድሪና»ን ጀመረች፤ አሥራ አንድ መጻሕፍት ያሉት ይህ ተከታታይ የተጠናቀቀው በ1991 ነው። ድሪና በአውሮፕላን አደጋ የሞተች የዝነኛ ባሌሪና ልጅ ናት። በእናቷ ስም ተከብራ ከምትገባ በራሷ እግር ተመዝና ብትወድቅ ትመርጣለች፤ ስለዚህ የእናቷን ማንነት ትደብቃለች። ተፎካካሪዋ ኩዊኒም የዳንሰኛ ልጅ ናት፤ እሷ ግን ይህንን ለማንም ደብቃ አታውቅም።

ነገሩ የእንግሊዝ ብቻ አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የወጣው «ሳቲን ስሊፐርስ» በሳን ፍራንሲስኮ የባሌት አካዳሚ ተማሪዎች መካከል ያለውን ሽኩቻ በአሥራ ሁለት መጻሕፍት ተረከ። ጃፓን ውስጥ የልጃገረዶች ሥዕላዊ ታሪኮች ለባሌት ፍቅር ልዩ ቦታ ሰጥተውታል፤ ከእነሱ መካከል በ1976 የጀመረው የኪዮኮ አሪዮሺ «ስዋን» ገናና ነው። ከሆካይዶ የመጣችው ማሱሚ ቶኪዮ ላይ ከእሷ በብዙ የምትበልጠውን ሳዮኮን ታገኛለች፤ ሳዮኮ ደግሞ ተፎካካሪዋም ወዳጇም ትሆናለች። ጫማ ውስጥ የተሸሸገች አጭር ሚስማር በጃፓን የባሌት ታሪኮች እጅግ ከመደጋገሟ የተነሳ ሕፃን ሁሉ የሚያውቃት የተንኮል ምልክት ሆናለች።

በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ የተንኮል ዓይነቱ ጥቂት ነው። ጫማ ይደበቃል። ሪባን ይቆረጣል። የፈተናው ሰዓት ተዛብቶ ይነገራል። ደብዳቤ ሳይደርስ ይቀራል። የመድረክ ልብስ ይቀደዳል። ሐሜት ይነዛል። ነገሩ ትንሽ የሚመስለው ባሌትን ለማያውቅ ነው። ልጅቷ በጣቶቿ ጫፍ የምትቆምበት ጫማ ጨርቅና ሙጫ እየተደራረበ የተሠራ፣ አፍንጫው የደረቀ ነው። ባለቤቷ ሪባኑን በራሷ እጅ ትሰፋዋለች፤ ጫማውንም እግሯን እስኪያውቅ ድረስ እያጠፈችና እየረገጠች ታለዝበዋለች። የሌላ ሰው ጫማ ለእሷ አይሆናትም፤ አዲሱም በአንድ ሰዓት አይለዝብም። ስለዚህ የጫማ ሌባ የምትሰርቀው የሳምንታት ልፋት ነው። ደራሲዎቹ ይህንን ስለሚያውቁ ጠብመንጃ አላስፈለጋቸውም።

ደጋግሜ ሳነብ ሌላ ነገር አስተዋልኩ። ከተንኮለኛዋ ልጅ ጀርባ ብዙ ጊዜ የተራበ ትልቅ ሰው አለ። ኩዊኒ በእናቷ ጥላ ሥር ያደገች ናት። ሩመር ጎደን በ1984 በጻፈችው «የሐሙስ ልጆች» ውስጥ ክሪስታል የታናሽ ወንድሟን የዱንን ተሰጥኦ መቀበል የሚያቅታት፣ በወጣትነቷ መድረክ ላይ ትደንስ የነበረች እናቷ ሕልሟን ሁሉ በሴት ልጇ ላይ ስለጫነች ነው። ዱን ግን ማንም ሳያየው በጓዳ ያደገ ዳንሰኛ ነው። ደራሲዋ ክሪስታልን አትፈርድባትም፤ ከየት እንደመጣች ታሳየናለች። ቅናት ከልጅ ጋር አብሮ የሚወለድ ክፋት አለመሆኑን፣ አዋቂዎች ያልከፈሉት ዕዳ ልጆች ላይ ሲወድቅ የሚፈጠር ሕመም መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የልጆች መጽሐፍ አላነበብኩም።

በ506 ወደ ጃርቪስ

በቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ የሚያልፈው 506 ቁጥር የከተማ ባቡር ኮሌጅ ጎዳናን ይዞ ወደ ምሥራቅ ይጓዛል፤ ጎዳናው ስሙን ካርልተን ብሎ ይቀይራል፤ ጃርቪስ ጎዳና ላይ ወርዶ ወደ ሰሜን ጥቂት የተራመደ ሰው የካናዳ ብሔራዊ የባሌት ትምህርት ቤትን ያገኛል። ልቦለዱና እውነቱ በአንድ የባቡር መስመር መገናኘታቸው ቶሮንቶን ይበልጥ እንድወዳት አደረገኝ።

በ2005 የተመረቀው ሕንፃ ግድግዳው መስታወት ነው። መንገደኛ ቀና ሲል በየፎቁ የመለማመጃውን ዘንግ ይዘው የሚለማመዱ ተማሪዎችን ያያል። ከመስታወቶቹ መካከል በ19ኛው መቶ ዘመን የተሠራ የጡብ ቤት ሳይፈርስ ቆሟል፤ ኖርዝፊልድ ይባላል። የእህቴ ልጅ እጄን ይዛ ከመንገዱ ማዶ ቆመን አየናቸው። አንድ ረድፍ ልጆች እግራቸውን ወደ ጎን ዘርግተው ሲያነሱ ቁመታቸው ቢለያይም የእግራቸው ከፍታ አንድ ነበር። «አክስቴ፣ አንደኛዋ የትኛዋ ናት?» አለችኝ። ከመንገድ ላይ መለየት አይቻልም ነበር፤ ይህ ደግሞ ለእኔ የዕለቱ ታላቅ ግኝት ሆነ።

ትምህርት ቤቱን በ1959 የመሠረቱት ሁለት ሴቶች ናቸው። ሴሊያ ፍራንካ ከለንደን መጥታ በ1951 የካናዳ ብሔራዊ ባሌትን አቋቋመች፤ ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ የወጣው በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በኢተን አዳራሽ ነው። ቤቲ ኦሊፋንት ደግሞ የማስተማር ጸጋ የታደለች ሴት ናት፤ በሜይትላንድ ጎዳና የኩዌከሮች የጸሎት ቤት በነበረ ሕንፃ ትምህርት ቤቱን መርታ ለዓለም አበቃችው። ሁለቱ ለዓመታት ጎን ለጎን ከሠሩ በኋላ ግንኙነታቸው ሻከረ፤ ቅሬታቸውም የአደባባይ ወሬ ሆነ። ዛሬ ሁለቱም አርፈዋል። ጃርቪስ ጎዳና ላይ ግን የሴሊያ ፍራንካ ማዕከልና የቤቲ ኦሊፋንት ቲያትር የአንድ ግቢ ጎረቤቶች ናቸው። አንዷ ያለ ሌላዋ ይህንን ቤት ልትሠራ አትችልም ነበር፤ ከተማዋም ይህንን አውቃ ሁለቱንም ስሞች አጠገብ ለአጠገብ ጽፋቸዋለች።

ፉክክሩ ከየት እንደሚመጣ የሚገባው የመግቢያውን አሠራር ሲያዩ ነው። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ በካናዳ ከተሞች እየዞረ ልጆችን ይፈትናል፤ የተመረጡት በበጋ ቶሮንቶ መጥተው ለሳምንታት ይታያሉ፤ ከእነሱ መካከል ነው የመጨረሻዎቹ የሚጠሩት። ከስድስተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ቀለሙንና ዳንሱን በአንድ ግቢ ይማራሉ፤ ከሩቅ የመጡት እዚያው ያድራሉ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከእናቷ ተለይታ፣ መታጠቢያ ቤቱን፣ የምግብ ጠረጴዛውንና መስታወቱን የምትጋራው ነገ ቦታዋን ልትወስድባት ከምትችል ልጅ ጋር ነው። የልቦለዱ ደራሲዎች የፈጠሩት ነገር ጥቂት ነው፤ ሜዳው ራሱ ታሪክ ያበቅላል።

ሁሉም የገባ አይደንስም። ተዋናይቷ ኔቭ ካምቤል በዘጠኝ ዓመቷ ገብታ በአሥራ አራት ዓመቷ አቋርጣ ወጣች፤ ዳንሱ ግን አልወጣላትም፤ በ2003 ስለ አንድ የባሌት ቡድን የሚተርከውን «ዘ ካምፓኒ» የተባለውን ፊልም አሠርታ ተጫወተችበት። ከሃሚልተን የመጣችው ካረን ኬይን ደግሞ በ1969 ተመርቃ፣ በ1973 በሞስኮ ዓለም አቀፍ ውድድር የብር ሜዳሊያ አገኘች። በዚያው ውድድር ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ከፍራንክ ኦገስቲን ጋር በጥንድ ዳንስ አንደኛ ወጡ። የካናዳ ባሌት ዓለም ላይ የታወቀበት ትልቁ ድል በሁለት ሰዎች የተገኘ ድል መሆኑን ሳነብ ለእህቴ ልጅ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

ትምህርት ቤቱ የራሱን ደራሲም አፍርቷል። ቬሮኒካ ቴናንት በ1964 ብሔራዊ ባሌትን የተቀላቀለችው ገና በአሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እስከ 1989 ድረስ ከታላላቆቹ ባሌሪናዎች አንዷ ነበረች። በመድረክ ሕይወቷ እኩሌታ ላይ፣ በ1977፣ «ወደ መድረክ እባካችሁ» የሚል ትርጉም ያለው የልጆች ልብ ወለድ አሳተመች፤ የአንዲት የባሌት ተማሪ ታሪክ ነው። ጣቷ የቆሰለ ሰው የጻፈው ስለሆነ ከሁሉም በላይ ላቡን ያሸተትኩት እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ነው።

ካሜራ ፊት የቆመ ቅናት

ዛሬ የመጽሐፉን ቦታ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ስክሪን ነው፤ ቶሮንቶም የዚህ ዋና አምራች ናት። ከ2013 ጀምሮ የታየው «ዘ ኔክስት ስቴፕ» ቶሮንቶ ውስጥ የተቀረጸ የልጆች ተከታታይ ድራማ ነው። የፈጠረው ፍራንክ ቫን ኪከን ነው፤ ተጫዋቾቹም በእውነት የሚደንሱ ወጣቶች ናቸው። ባሌት ከሌሎች የዳንስ ዓይነቶች ጋር ይቀርብበታል። የዳንስ ቤቱ አለቃ የሆነችው ኤሚሊ፣ ሚሼል የምትባል አዲስ ልጅ ስትመጣ ዙፋኗ ይናጋል፤ ጓደኞቿን አሰባስባ ታሤራለች። በሁለተኛው ዙር ደግሞ አማንዳ ከተቀናቃኝ ዳንስ ቤት መጥታ ቡድኑን ከውስጥ ለማፍረስ ትጥራለች። ድራማው ትልቅ ብልሃት አለው፤ ገጸ ባሕርያቱ እየተነሡ ብቻቸውን ካሜራው ፊት ተቀምጠው የልባቸውን ይናገራሉ። ተንኮለኛዋም ተራዋን ታገኛለች። አንዲት ልጅ «ቀናሁ፤ ፈራሁ» ብላ በገዛ አንደበቷ ስትናገር የምታይ ሕፃን፣ ራሷ የምትፈራውን ስሜት ሌላ ሰውም እንደሚሰማው ትማራለች። ኤሚሊና ሚሼልም ውለው አድረው ወዳጆች ይሆናሉ።

ሁሉም እንዲህ ለልጅ የሚሆን አይደለም። በዚያው በቶሮንቶ አካባቢ የተቀረጸው፣ በ2020 የወጣው «ታይኒ ፕሪቲ ቲንግስ» ቅናቱን እስከ ደም የሚወስድ የአዋቂዎች ታሪክ ነው። በእውነቱ ዓለምም በጥር 2013 የሞስኮው ቦልሾይ ባሌት መሪ ሰርጌይ ፊሊን ፊቱ ላይ አሲድ ተደፍቶበታል፤ ከተፈረደባቸው ሰዎች አንዱም የዚያው ቤት ዳንሰኛ ነበር። በልጅነት ስም ያልተሰጠው ቅናት ሲያረጅ ምን እንደሚሆን ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ስለዚህ የጫማ ሌባዋን ታሪክ ለልጆች ማስነበብ ቅንጦት አይደለም እላለሁ።

በታኅሣሥ ወር ቶሮንቶ በረዶ ለብሳ ሳለች በ2006 በተከፈተው ፎር ሲዝንስ ማዕከል ውስጥ «ነትክራከር»ን አየን። ጄምስ ኩደልካ በ1995 ባዘጋጀው በዚህ ትርኢት ታሪኩ የሚያጠነጥነው ሲጣሉ በሚውሉ ወንድምና እህት፣ በሚሻና በማሪ ላይ ነው። የአይጥና የሌላውም እንስሳ ልብስ ለብሰው መድረኩን የሚሞሉት የጃርቪስ ጎዳና ተማሪዎች ናቸው። ከሕንፃው መስታወት ጀርባ ያየናቸው ልጆች እነዚህ ይሆኑ እያልኩ ፊታቸውን ፈለግሁ፤ ጭምብሉ ግን ሁሉንም አንድ አድርጓቸዋል። ሚሻና ማሪ ከሕልም ጉዟቸው ሲመለሱ ጠባቸው ረግቦ ተቃቅፈው ይታያሉ። አዳራሹ ሲያጨበጭብ እንባዬን አላቆምኩትም።

የዳንፎርዝ ቡና

ቶሮንቶ ውስጥ ሐበሻ የሚሰባሰብበት ዳንፎርዝ ጎዳና ነው። ግሪንውድ አካባቢ የበርበሬና የቡና ሽታ ከመንገድ ይቀበላል። አንድ እሑድ ቡና ላይ ተቀምጠን የእህቴን ልጅ ጥያቄ ለእናቶች ነገርኳቸው። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ስኒያቸውን አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ ምቀኛ አታሳጣኝ ይባል የለም? የሚፎካከርሽ ከሌለ በምን ታድጊያለሽ? ጉድጓድ የምትቆፍርልሽ ግን ለራሷ ናት የምትቆፍረው» አሉኝ። በመጻሕፍቱ ገጾች ስፈልገው የሰነበትኩትን መልስ በአንድ ስኒ ቡና አጎረሱኝ። ዊኒፍሬድ ባትኖር ፖሊን ትዕቢቷን አታውቅም። ኩዊኒ ባትኖር ድሪና የእናቷን ስም የመደበቅ ጽናቷ አይፈተንም። ሳዮኮ ባትኖር ማሱሚ አትበርም። ካነበብኳቸው ውስጥ ደግሞ ጫማ በመደበቅ እስከ መጨረሻው ዋና ዳንሰኛ የሆነች ልጅ አላገኘሁም፤ ጉድጓዱ የቆፋሪዋ ነው።

ይህ እውነት ባሌት ውስጥ በዓይን የሚታይ ነገር ነው። ሌቭ ኢቫኖቭ በ1895 ለ«ስዋን ሌክ» በሠራው የትንንሾቹ ስዋኖች ዳንስ አራት ልጃገረዶች እጅ ለእጅ ተቆላልፈው ከዳር እስከ ዳር ይደንሳሉ። አንዷ ብትሰናከል አራቱም ይሰናከላሉ። ለዚያ ቦታ የተፎካከሩት አራቱ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። የእህቴ ልጅና ሦስት ጓደኞቿ፣ አንዷ ከቬትናም፣ አንዷ ከጃማይካ፣ አንዷ ከፖላንድ ወላጆች የተወለዱ፣ ሳሎን ውስጥ ሶፋውን ገፍተው ሲለማመዱት አየኋቸው፤ በዓመቱ መጨረሻ ትርኢት አራቱም የሚፈልጉት አንድ ቦታ ነበር። እስኪሳካላቸው ድረስ ተያይዘው ወደቁ፣ ተያይዘው ተነሱ።

ከእኛ መደርደሪያ የጎደለው

አገሬን አሰብኩ። ውዝዋዜና ሥርዓቱ፣ የልጅነት ልፋትና ፉክክሩ እኛ ዘንድ ሞልቷል። ጎንደር በአታ በአቋቋም ምስክር ትምህርቷ የታወቀች ናት፤ ተማሪዎቿ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ዝማሜውን ለዓመታት ያጠናሉ፤ ከመምህሩ ፊት ማን ቀድሞ እንደሚመሰክር ልብ ውስጥ የሚነደውን እሳት የአብነት ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። በሠርግ ቤት እስክስታ የወረደ ሰው ትከሻውን ለባላንጣው ያሳያል፤ ያኛውም መልሱን በትከሻው ይሰጣል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የዳንስ ባለሙያው ሮይስተን ማልዱም ከአዲስ አበባ ጎዳና ልጆች ጋር የጀመረው ሥራ አዱኛ የተባለውን የዳንስ ቡድን አፈራ፤ ከዚያ የወጣው ጁናይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 ከጃፓናዊው ሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር እንዲሠራ በሮሌክስ የኪነ ጥበብ መርሐ ግብር ተመረጠ፤ አብሮት ካደገው ከአዲሱ ደምሴ ጋርም ዴስቲኖ የዳንስ ቡድንን መሠረቱ። የተረቱ ቋጠሮ በእጃችን ነው።

የጎደለው መጽሐፉ ነው። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በ2003 አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሲከፍት ልጆች መደዳውን ተሰልፈው እንደገቡ ይታወቃል፤ ብሩክታዊት ጥጋቡ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ንና «ጥበብ ገርልስ»ን ስትሠራም ተከታታይ ታሪክ በአማርኛ እንደሚያምር አሳይታለች። በጎንደር፣ በወሎ ወይም በአዲስ አበባ የባህል ቡድን ውስጥ የምትማር አንዲት ልጅ፣ ከእሷ የተሻለ ትከሻ ካላት ጓደኛዋ ጋር የምትፎካከርበት፣ አንደኛ ብሎ ጀምሮ አሥረኛ የሚደርስ የአማርኛ የልጆች ልብ ወለድ ግን እስከ ዛሬ በእጄ አልገባም።

ስለዚህ ለደራሲዎቻችን አንድ ልመና አለኝ። ጻፉት። ስትጽፉም ተንኮለኛዋን ልጅ ጭራቅ አታድርጓት፤ እናቷን አሳዩን፣ ፍርሃቷን አሳዩን፣ ካሜራው ፊት አስቀምጧትና ይናገር ልቧ። ለአሳታሚዎችም፦ ተከታታይ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ልጅ ወደ ንባብ የሚገባው ቀጣዩን መጽሐፍ በመናፈቅ ነው። ለወላጆችም፦ ልጃችሁ ከጎረቤት ልጅ ጋር ስትፎካከር «እሷን ብለጫት» ከማለት በፊት «ከእሷ ምን ተማርሽ?» በሏት። በፉክክር የሚያድግ ልጅ ተፎካካሪው እንዲወድቅ አይመኝም፤ ይህንን ደግሞ ልጆቻችን በገዛ ቋንቋቸው ሊያነቡት ይገባል።